«ኮዱ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ሰው ነው!»

በሶፍትዌር መሥሪያ ቤት የባልደረባ ጣጣ እና የአዲስ ሥራ የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት

ስለ ፍቅረኛ፣ ስለ አማት፣ ስለ አከራይ ብዙ ይባላል፤ ብዙም ይጻፋል፡፡ ለዛሬ ግን ከፍቅረኛችን ይልቅ ረጅም ሰዓት አብረነው ስለምንውል ሰው እናውጋ፡፡ ማን መሰላችሁ? የሥራ ባልደረባ! ፍቅረኛችንን መርጠን ነው የያዝነው፡፡ ባልደረባን ግን ማን መረጠው? ወንበሩን ስበን ስንቀመጥ አጠገባችን ተቀምጦ ነው የምናገኘው፡፡

ባለታሪካችን 26 ዓመቷ ነው፡፡ ትውልዷ ደሴ፣ ኑሮዋ ጀሞ፡፡ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቃ፣ አንድ ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ተቀጥራ፣ ታናሽ ወንድሟን ከጎኗ አድርጋ የምታስተምር ልጅ ናት፡፡ መገናኛ አካባቢ ባለች አንዲት ቡና ቤት ቁጭ ብለን ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አጫወተችኝ፡፡ ስሟንም የመሥሪያ ቤቷንም ስም እንዳላነሳ ቃል አስገብታኛለች፡፡

«አጨበጨብኩለት እኮ!»

«ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁበት የክፍያ ክፍል ነበር» አለች፡፡ «ደንበኛው በሞባይል ሲከፍል ኔትወርክ ይቋረጥበታል፡፡ ያልተከፈለ ይመስለውና እንደገና ይነካዋል፡፡ ያን ጊዜ ሁለቴ ይቆረጥበታል፤ ከዚያ ጩኸት ነው! እኔ የሠራሁት ይሄ እንዳይሆን ነው፡፡ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ከመጣ ሲስተሙ ‹ይሄንን አውቀዋለሁ› ብሎ ይመልሰዋል እንጂ ገንዘብ አይቆርጥም፡፡ ስትሰማው ቀላል ይመስላል፡፡ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል፡፡»

ሥራው አለቀ፡፡ ለደንበኛው የሚታይበት ቀን ደረሰ፡፡ አለቆች ተሰበሰቡ፡፡ ከእሷ በሥራ ዘመን የሚበልጠው ባልደረባዋ ተነሳና፣ «ይሄንን ችግር እንዲህ አድርጌ ፈታሁት» ብሎ አንድ በአንድ ተነተነው፡፡

«አድርጌ አለ! አድርገን እንኳ አላለም፡፡ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፡፡ እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እኔም አጨበጨብኩለት!»

መቼም አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፡፡

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፡፡ ነገሩን ለሁሉም ሰው ነገረችው፡፡ ለጎን ጠረጴዛዋ ልጅ ነገረች፡፡ ለምሳ ጓደኞቿ ነገረች፡፡ ደሴ ላሉት እናቷ በስልክ ነገረች፡፡ ለአንድ ሰው ብቻ አልነገረችም፤ ለራሱ ለልጁ! «ይሉኝታ ያዘኝ፡፡ ትልቄ ነው፣ ስገባ ሥራ ያሳየኝ እሱ ነው፣ ምን ብዬ ልናገረው?»

ወሬ ግን እግር አለው፡፡ በሁለት ሳምንቱ ከልጁ ጆሮ ደረሰ፤ ያውም ቅመም ተጨምሮበት፡፡ እሱም ምንም አላላትም፤ ሰላምታውን ብቻ አሳጠረ፡፡ የሠራችውን ኮድ አይቶ የሚያሳልፈው እሱ ነበርና፣ በአንድ ቀን ያልፍ የነበረው ሥራ ስድስት ቀን ይተኛ ጀመር፡፡ አምስት ወር እንዲህ ኖሩ፡፡ አንድ ሰኞ ጠዋት እሷ ከአልጋዋ ሳትነሳ ለአለቃዋ በቴሌግራም «ከዛሬ ጀምሮ አልመጣም» የሚል መልእክት ላከች፡፡ አለቀ!

አለቀ ብላ ነበር፡፡ አላለቀም፡፡

ስሜት ሲለቅ፣ ሕግ ሲጠብቅ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ መልቀቅ ሲፈልግ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፡፡ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ የሄደ ለአሠሪው ካሣ ሊከፍል ይችላል፤ ይህም ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም፣ የሚቀነሰውም ከሚቀረው ክፍያ ላይ ነው፡፡ ባለታሪካችን ይህን ያወቀችው የመጨረሻ ክፍያዋን ልትቀበል ስትሄድ ነው፡፡ የወሩ የቤት ኪራይ በዚያው ተበላ፡፡ «ወንድሜ ምንም አላለኝም» አለች፡፡ «ግን ለሁለት ሳምንት ታክሲ ትቶ በእግሩ ሲሄድ አየሁት፡፡»

አንድ ነገር ልብ በሉ፡፡ ሕጉ እጃችሁን አስሮ አያስቀምጣችሁም፡፡ ለምሳሌ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ቢያደርስ፣ ሠራተኛው ምክንያቱን በጽሑፍ አስታውቆ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፡፡ እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ ይሉኝታ የሚባል ነገር አይሠራም፡፡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ጻፉ፤ የተላከላችሁን መልእክት አታጥፉ፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፡፡ ባልደረባ ሥራዬን ነጠቀኝ ማለት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፡፡ መድኃኒቱ ሌላ ነው፡፡

በተረፈ ስትለቁ በደብዳቤ ልቀቁ፤ የጀመራችሁትን ለሚረከበው ሰው በጽሑፍ አስረክቡ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ጠይቁ፡፡ ማስረጃው በነፃ የሚሰጥ መብታችሁ ነው፡፡ ሙያው ሰፊ ቢመስልም የአዲስ አበባ ሶፍትዌር ሠሪ ሁሉ ይተዋወቃል፡፡ ዛሬ በኩርፊያ የተለያችሁት ሰው የዛሬ ሁለት ዓመት ለሥራ ፈተና ስትገቡ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ብታገኙትስ?

አራቱ የቢሮ ሰዎች

በየቢሮው የማይጠፉ አራት ዓይነት ባልደረቦች አሉ፡፡ እስቲ የእናንተው የትኛው ነው?

አንደኛው ምስጋና ነጣቂው ነው፡፡ እሱን አይተነዋል፡፡ ወደ መድኃኒቱ ቆይተን እንመለሳለን፡፡

ሁለተኛው የሪቪው ንጉሥ ነው፡፡ ለማያውቁት፣ በዚህ ሙያ አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አይቶ ካላጸደቀ ወደ ሥራ አይገባም፡፡ ንጉሡ አርባ አስተያየት ይጽፋል፤ ሰላሳ ስምንቱ ስለ ክፍት ቦታና ስለ ስም አወጣጥ ነው፡፡ ጄራልድ ዋይንበርግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፕሮግራመሮችን ሥነ ልቦና በሚመለከት መጽሐፍ፣ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም እንደ ራሱ አካል ስለሚቆጥረው ኮዱ ሲነካ ራሱ የተነካ ያህል እንደሚሰማው አስረድቷል፡፡ እውነት ነው፡፡ ስለዚህ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፡- «ይሄ የግድ መስተካከል ያለበት ነው ወይስ ያንተ ምርጫ ነው?» የግድ ከሆነ አመስግናችሁ አስተካክሉ፡፡ የክፍት ቦታውን ነገር ደግሞ ቡድኑ አንድ ደንብ ይቁረጥለትና ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስተካክለው፤ ለዚያ የተሠራ መሣሪያ ሞልቷል፡፡ በማሽን ሊያልቅ በሚችል ነገር ሰው ከሰው ለምን ይጣላል?

ሦስተኛው ቁልፍ ያዡ ነው፡፡ ሰርቨሩ እንዴት እንደሚነሳ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፡፡ አይጽፈውም፣ አያሳይም፡፡ ለጥምቀት ጎንደር ከሄደ ቢሮው አብሮ ጾሙን ያድራል፡፡ እሱን «ለምን ትደብቃለህ?» ብትሉት ይብስበታል፤ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ከክፋት ሳይሆን እውቀቱ ከተሰራጨ እንጀራው የሚወሰድበት እየመሰለው ነው፡፡ «አንድ ሰዓት አጠገብህ ልቀመጥና እኔ ልጻፈው» በሉት፡፡ ጽሑፉ ላይ የእሱን ስም ከላይ አድርጉ፡፡ የፈራው መረሳትን ከሆነ ስሙን ሲያይ ልቡ ይለሰልሳል፡፡

አራተኛው ጠፊው ነው፡፡ «ነገ ይደርሳል» ብሎ ከነገ ወዲያም የለም፡፡ ቀን እዚህ፣ ማታ በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ያላችሁት ችግር እሱም ቤት አለ፡፡ ከእሱ ጋር ትልቅ ሥራ በአንድ ላይ አትያዙ፡፡ ሥራውን በሁለት በሁለት ቀን በሚያልቁ ቁርጥራጮች ከፋፍሉት፤ የመጀመሪያው ቁራጭ ሲዘገይ በዚያው ቀን ለእሱ፣ በማግስቱ ለአለቃ ንገሩ፡፡ በማስረከቢያው ዋዜማ የሚነገር መዘግየት ግን የሁለታችሁም ጥፋት ይሆናል፡፡

አምስተኛም አለ፡፡ አምስተኛው ምናልባት እናንተ ትሆናላችሁ! ከምሳ በኋላ ሄድፎን አድርጎ ሰው ሲያናግረው የማይሰማ፣ ጁኒየር ሲጠይቀው «ጎግል አድርገው» የሚል... ራሳችሁን ፈትሹ፡፡

እንዴት ይነገር?

በእነዚህ ቢሮዎች አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፡፡ ሁሉም «አንተ» እና «አንቺ» ነው፤ አንቱታ የለም፡፡ አለቃ በቲሸርት ይመጣል፤ ጸሐፊም ሥራ አስኪያጅም «ብሮ» ይባባላል፡፡ ስለዚህ ሁሉ ነገር በግልጽ የሚነገር ይመስላል፡፡ ግን አይነገርም! አንደበታችን ብሮ ቢልም ሆዳችን ያው የድሮው ሆድ ነው፤ ያምቃል፣ ያመረቅዛል፣ በሐሜት ይተነፍሳል፡፡

አነጋገር ደግሞ ይማሩታል፡፡ አራት ነገር ያዙ፡፡

ብቻውን ንገሩት፡፡ ሰው ፊት የተነገረው ሰው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ ክብሩ ነው የሚያስበው፡፡ ቡና ልጋብዝህ ብላችሁ ይዛችሁት ውጡ፡፡

ቶሎ ንገሩት፡፡ ንዴቱ እስኪበርድ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ከሳምንት ግን አታሳልፉ፡፡ ከአምስት ወር በኋላ የሚነሳ ነገር ቂም ነው የሚባለው፡፡

አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፡፡ «አንተ ሁሌ...» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጠብ ነው፡፡ «ማክሰኞ በስብሰባው ላይ የክፍያውን ክፍል ስታስረዳ ስሜ አልተነሳም፤ ከፍቶኛል» በሉ፡፡ ማክሰኞ የሆነውን ማንም ሊክደው አይችልም፡፡

የምትፈልጉትን ንገሩት፡፡ «የሚቀጥለውን እኔ ላስረዳ» ወይም «ለአለቃችን ማን እንደሠራው በአንድ መስመር ጻፍለት፡፡» የሚፈልገውን የማይናገር ቅሬታ ለቅሶ ብቻ ነው፡፡

ደጋግሞት ካልተመለሰስ? ያን ጊዜ ወደ አለቃ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከነቀኑ፡፡ ሶፍትዌር ሠሪ የሆነ ሰው አንድ ዕድል አለው፡፡ አሁን አብዛኛው ቢሮ የሚጠቀምበት ጊት የተባለው የኮድ መዝገብ እያንዳንዷን መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፋት ይመዘግባል፡፡ ግን ይህን እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ስብሰባ ላይ አትዘርጉት፡፡ ተጠይቃችሁ ስትመልሱ የሚረዳችሁ ነገር ነው፤ መዝገብ ይዞ ባልደረባውን የሚያሳድድ ሰው ግን እውነት ቢኖረውም ወዳጅ አይኖረውም፡፡

አዲሱ ቢሮ፡ እንግዳ ሆኖ መግባት

አሁን ደግሞ አዲስ ሥራ ለምትጀምሩት፡፡ በመጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ፡፡ የሙከራ ጊዜ ካለ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም፡፡ በእነዚህ ቀናት አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለህም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ ልትለቁ ትችላላችሁ፡፡ የተቀሩት መብቶችና ግዴታዎች ግን የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰው ሠራተኛ ጋር አንድ ናቸው፡፡

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ቢቀዘቅዝባችሁ የተጠላችሁ አይምሰላችሁ፡፡ በአይ.ቢ.ኤም. ድርጅት ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ተጨማሪ ሰው ማስገባት ይበልጥ ያዘገየዋል ብሎ ጽፏል፡፡ ለምን ቢሉ፣ ነባሩ ሠራተኛ ሥራውን ትቶ አዲሱን ማስተማር አለበት፤ የሰው ቁጥር ሲጨምር የመነጋገሪያው ጊዜም ይጨምራል፡፡ እናንተ የምትገቡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራ ስለዘገየ ነው፡፡ ስለዚህ ያ ፊቱን ያጠቆረው ባልደረባ እናንተን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የጠላው!

ታዲያ ሰዓቱን ቆጥቡለት፡፡ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ አጠያየቅ ግን አለው፡፡ ግማሽ ሰዓት ራሳችሁ ሞክሩ፡፡ ከዚያ «ይሄንን ፈልጌ፣ ይሄንን ሞክሬ፣ ይሄንን አገኘሁ፤ የት ነው የሳትኩት?» በሉ፡፡ የተመለሰላችሁን ጻፉት፡፡ አንድን ጥያቄ ሁለቴ መጠየቅ ይቅር ይባላል፤ ሦስተኛው ላይ ግን ሰው ዓይኑን ወደ ጣሪያ ይሰቅላል፡፡ ኮምፒዩተራችሁን ለሥራ ስታዘጋጁ ያጋጠማችሁን እንቅፋት ሁሉ መዝግባችሁ ለሚቀጥለው እንግዳ ብትተዉ ደግሞ፣ ገና አንድ መስመር ኮድ ሳትጽፉ ለቡድኑ ጠቀማችሁ ማለት ነው፡፡

ሦስተኛ፣ የድሮውን ኮድ አትስደቡ! አንድ የማውቀው ወጣት በገባ በሁለተኛ ሳምንቱ ስብሰባ ላይ ስክሪኑን እያሳየ፣ «ይሄንን የጻፈ ሰው መታሰር አለበት» ብሎ ሳቀ፡፡ ማንም አልሳቀም፡፡ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው አለቃው ረጋ ብሎ፣ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ በሁለት ቀን ይድረስ ተብሎ፣ መብራት እየጠፋ» አለው፡፡ ልጁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፡፡ ከመጠምጠም መማር ይቅደም! መጀመሪያ «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡ መጥፎ የሚመስል ኮድ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ታሪክ አለው፡፡

አራተኛ፣ ዛሬ ዛሬ እነ ቻትጂፒቲ ኮድ ይጽፋሉ፡፡ ተጠቀሙባቸው ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፡፡ የድርጅቱን ኮድና የደንበኛን መረጃ ገልብጣችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፡፡ መስመር በመስመር ማስረዳት የማትችሉትን ኮድ ደግሞ የእኔ ነው ብላችሁ አታቅርቡ፡፡ «ለምን እንዲህ አደረግከው?» ተብሎ «እሱ ነው ያለኝ» የሚል መልስ የለም፡፡

አምስተኛ፣ ምሳ ብቻችሁን አትብሉ፡፡ ምሳ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሰው ወዳለበት ሂዱ፡፡ በስድስት ስብሰባ ያልገባችሁ የቢሮ ጉዳይ በአንድ ሽሮ ይገባችኋል፡፡

ስህተት ሲመጣ

ይመጣል፡፡ ጥያቄው መቼ ነው ብቻ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ትልቅ የሶፍትዌር ድርጅት አንድ መሐንዲስ በውድቅት ሌሊት ደክሞት ሲሠራ ሁለት ሰርቨሮች ተምታቱበት፡፡ ቅጂውን ያጠፋ መስሎት ዋናውን ዳታቤዝ ማጥፋት ጀመረ፡፡ ወዲያው ቢያስቆመውም 300 ጊጋባይት ያህል መረጃ ጠፍቶ ነበር፡፡ መጠባበቂያ ተብለው የተቀመጡት ሲታዩ አልሠሩም፡፡ በመጨረሻ ያዳናቸው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የተወሰደ አንድ ቅጂ ነው፡፡ በመሀል የገባው የደንበኞች መረጃ ግን ቀረ፡፡

ድርጅቱ ምን አደረገ? ስህተቱን ለዓለም በግልጽ ተናገረ፤ መረጃውን ሲመልስም ሰው በቀጥታ እንዲያየው አደረገ፤ የመሐንዲሱን ስም ግን አልጠራም፡፡ ጥፋቱን የአንድ ሰው እጅ ሳይሆን ያልተፈተሸ አሠራር አድርጎ ነው ያየው፡፡

የእናንተ አለቃ እንዲህ ላይሆን ይችላል፡፡ ቢሆንም ለአዲስ ሠራተኛ አንድ ሕግ አለ፤ ስህተታችሁን ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው እንዳይናገረው፡፡ በመጀመሪያዋ ደቂቃ «እኔ ነኝ፤ ይሄንን ነካሁ፤ ይሄ ሆነ» ማለት መድረስ የሚቻልበትን ጊዜ ያተርፋል፡፡ የተደበቀ ስህተት ግን በየሰዓቱ ይወልዳል፡፡

ባለታሪካችንስ?

አዲስ ሥራ አገኘች፡፡ በሦስተኛው ሳምንት ምን ቢገጥማት ጥሩ ነው? ሌላ ባልደረባ፣ በሌላ ስብሰባ፣ እሷ የሠራችውን ራሱ እንደሠራው አድርጎ አስረዳ! «ያው ሙቀት ከእግሬ እስከ ራሴ ወጣ፡፡ ከድጡ ወደ ማጡ አልኩ፡፡ ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ነበር፡፡ ከዚያ ወንድሜ በእግሩ ሲሄድ ታየኝ፡፡»

አልወጣችም፡፡ በማግስቱ ልጁን ቡና ጋበዘችው፡፡ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «ትናንት ያስረዳኸው እኔ የሠራሁት ነው፤ ስሜን አለመጥራትህ ከፍቶኛል» አለችው፡፡

ልጁ ደነገጠ፡፡ «እኔ ለቡድኑ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ አንቺ ሰው ፊት መናገር የማትወጂ መስሎኝ...» አለ፡፡ በዚያው ከሰዓት ለሁሉም «ያ ሥራ የእሷ ነው፤ ጥያቄ ያለው እሷን ይጠይቅ» ብሎ ጻፈ፡፡ ጉዳዩ ማኪያቶ ጠጥቶ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም፡፡

ዛሬ አብረው ይሠራሉ፡፡ ደስ ብሏት እንደሆነ ጠየቅኳት፡፡ ማንኪያዋን በብርጭቆው ውስጥ እያዞረች ዝም አለች፡፡

«ደስ ብሎኛል፡፡ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል» አለች በመጨረሻ፡፡ «የፊተኛው ልጅ ሌባ ይሁን ዝንጉ እስከ ዛሬ አላውቅም፡፡ አምስት ወር ጠላሁት፤ ሥራዬን ለቀቅኩበት፤ ወንድሜን አስቸገርኩበት... አንድ ቀን እንኳ ግን ጠይቄው አላውቅማ!»

ሳምንት ሰው ይበለን፡፡